ፊት ከታጠቡ በኋላ ይቀቡ

አሁን የምሠራው አጋሮ አጠገብ፣ ቡና በሚደርቅበት ቦታ ነው። ሥራዬ ለሚያየው ቀላል ይመስላል። ጠዋት የቡናውን አልጋ እገልጣለሁ፤ ፀሐዩ ሲከር እሸፍነዋለሁ፤ ሲበርድ እንደገና ገልጬ በእጄ አገላብጠዋለሁ። አዲስ የመጣ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይጠይቀኛል፤ «እንዲደርቅ አይደል የምንፈልገው? ታዲያ ፀሐዩ ሲመጣልን ለምን ትሸፍነዋለህ?» በችኮላ የደረቀ ቡና ቅርፊቱ ይሰነጠቃል ብዬ እመልሳለሁ። ይህን የተማርኩት ግን ከቡና አይደለም። ከሰው ፊት ነው።

ከዚህ በፊት ሰባት ዓመት መድኃኒት ቤት ሠርቻለሁ። ሰባት ዓመት የሥራ ዘመን ተብሎ ሊጻፍ እንደሚያንስ አውቃለሁ። ግን ወደዚያ ሥራ አልመለስም። የመድኃኒት ቤቱ ፈቃድ በአሠሪዬ በጋሽ ተማም ስም ነበር፤ እሳቸው ጉልበታቸው እምቢ ብሎ በቃኝ ሲሉ አብሮ ተዘጋ። እኔ የምስክር ወረቀት የለኝም። ትምህርቴን ያቆምኩት አሥረኛ ክፍል ላይ ነው፤ የማውቀውን ሁሉ ያነበብኩት ከመድኃኒት ካርቶን ውስጥ ከሚወጣው የታጠፈ ወረቀት ነው። ያላወቅኩትን ቃል በመዝገበ ቃላት እየፈለግኩ፣ በባለ ካሬ ደብተር እየጻፍኩ። ደብተሮቹ አምስት ደርሰዋል፤ አሁንም አልጋዬ ሥር አሉ።

የመጀመሪያ ሥራዬ ከጅማ ወጣ ብላ ባለችው ሰቃ ነበር። ከዳውሮ ወጥቼ አክስቴ ቤት ስቀመጥ፣ ገበያው ዳር ባለች ትንሽ መድኃኒት ቤት በጽዳት ተቀጠርኩ። ባለቤቱ ፈጣን ሰው ነበር። በገበያ ቀን ሰው እስከ መንገዱ ይሰለፋል፤ እሱ ከሁለት ቃል በላይ አይናገርም። ደመወዙ ለሳሙናና ለመዝሙር ደብተር ይበቃኝ ነበር። ጽሑፌን ሲያይ ከመጥረጊያው አነሳኝና ወረቀት ላይ አስቀመጠኝ። «ጽሑፍህ የማተሚያ ቤት ነው የሚመስለው» ብሎ፣ ሰው በማይኖርበት ሰዓት ቁራጭ ወረቀት ላይ ደጋግሞ የሚፈለገውን ትእዛዝ አስቀድሜ እንድጽፍ አደረገኝ። «ከምግብ በኋላ ይዋጥ።» «ተበጥብጦ ይጠጣ።» «ፊት ከታጠቡ በኋላ ይቀቡ።» ደንበኛ ሲመጣ ከክምሩ አንዱን አንስቶ መለጠፍ ብቻ ነው። በዚህ ዘዴ በጣም እኮራ ነበር። ጅማ ስሄድም ይዤው ሄድኩ።

የጋሽ ተማም መድኃኒት ቤት አወቱ መንደራ የሚባል የጅማ ሰፈር፣ ከመስጊድ አጠገብ ነበረ። ዕድሜያቸውን በሆስፒታል መድኃኒት ክፍል ጨርሰው፣ በጡረታቸው የከፈቱት ነው። ሲናገሩ ድምፃቸው ከፍ አይልም። ኦሮምኛና አማርኛ እያቀላቀሉ፣ ሁሉንም ወጣት «ኢልማ ኮ»፣ ልጄ፣ እያሉ ይጠራሉ። ከእሳቸው የወሰድኩት ትልቁ ነገር የመድኃኒት ስም አይደለም፤ አንዲት ልማድ ናት። ማንም ሰው ማዘዣ ይዞ ሲመጣ፣ መድኃኒቱን ከማንሳታቸው በፊት ወንበር ስበው፣ «ውሎህን ንገረኝ፤ ከመኝታ እስከ መኝታ» ይላሉ። ሰውየው መጀመሪያ ይደነግጣል። ከዚያ ይናገራል። መቼ እንደሚነሳ፣ በምን እንደሚታጠብ፣ ፀሐይ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚቆም። እኔ ከኋላ ቆሜ ሰልፉ ላይ ያሉትን ሰዎች እቆጥር ነበር።

የፊት መድኃኒት ለሚወስዱ ደግሞ ልዩ ትዕግሥት ነበራቸው። ብጉር ያለበት ወጣት ተሸማቆ ነው የሚገባው፤ ሌላ ሰው እስኪወጣ የሳል መድኃኒት የሚፈልግ መስሎ ይቆማል። ጋሽ ተማም ያውቁበታል። ጥግ ያስቀምጡታል። ከመሳቢያቸው አንዲት ሽምብራ የያዘች ብልቃጥ ያወጣሉ። «ለፊትህ ሁሉ ይቺን የምታህል ቅባት ትበቃሃለች። ሁለት ሽምብራ ቶሎ አያድንህም፤ ይልጥሃል እንጂ።» ከታጠቡ በኋላ በፎጣ አለማሸት፣ መታ መታ አድርጎ ማድረቅ። ውሃው ከቆዳው ላይ ጨርሶ እስኪጠፋ መጠበቅ፤ እርጥብ ፊት መድኃኒቱን ወደ ውስጥ ስቦ ያቃጥላል። የዓይን ዙሪያን፣ የአፍንጫ ጥግንና የከንፈር ጫፍን አስቀድሞ ቫዝሊን መቀባት፣ መድኃኒቱ እዚያ እንዳይደርስ። ቆዳው ስስ ከሆነ መጀመሪያ ሎሽን፣ ከዚያ መድኃኒት፤ እሱም በሦስት ቀን አንዴ። የተላጠውን በጥፍር አለመንቀል። ሎሚ አለማሸት። ቀን ቀን ጥላ። ይህን ሁሉ ለእያንዳንዱ ሰው፣ ለመጀመሪያ ጊዜ እንደሚናገሩት አድርገው ይናገሩ ነበር።

አንድ ጊዜ ሙባረክ የሚባል የባጃጅ ሹፌር መጣ። ሐኪም የሚዋጥ የብጉር ካፕሱል አዞለት፣ ካፕሱሉ አድርቆት ከንፈሩ እንደ በጋ መሬት ተሰነጣጥቋል።

«ቫዝሊን ከኪስህ አይጥፋ። ከንፈርህን በየጊዜው ተቀባ» አሉት።

«ጋሼ፣ ተራ ላይ ቆሜ? ጀለሶቼ ሊፒስቲክ ጀመረ ብለው ስም ያወጡልኛል። ወላሂ እስከ ልጅ ልጄ አይለቀኝም!»

«እነሱ ሲስቁ ከንፈራቸው ይደማል?»

«አይደማም።»

«ያንተስ?»

«ኧረ አታስቁኝ ጋሼ፣ አሁንም እየደማ ነው!» አለ አፉን በመዳፉ ይዞ።

ከዚያ ውሎውን አስቆጠሩት። በሩ ክፍት ሆኖ ነው የሚነዳው፤ ንፋስና አቧራ ቀኑን ሙሉ ፊቱን ይመታዋል። ላቡን በምን እንደሚጠርግ ሲጠይቁት ቀስ ብሎ፣ «በመስታወቱ ጨርቅ» አለ። ጋሽ ተማም ከራሳቸው ኪስ የታጠፈ ንጹሕ መሐረብ አውጥተው ሰጡት። እንዲህ ያለውን ነገር የካርቶኑ ወረቀት አይጽፈውም። እኔ ግን ያኔም ቢሆን፣ ወረቀቱን በደንብ ያነበበ ሰው ይህ ሁሉ ጥያቄ የሚያስፈልገው አይመስለኝም ነበር።

አሁን ወደ ሀያት ልምጣ።

ቀኑ ዓርብ ነበር፤ ጋሽ ተማም ለጁምዓ ሄደዋል። ሕጋቸው ግልጽ ነው፤ «እኔ ሳልኖር የሐኪም ማዘዣ አትንካ። ይጠብቁ።» ግን ሰው በዝቷል፣ ሙቀቱ ከብዷል፤ ከሰልፉ መካከል ጥቁር ሻርፕ የለበሰች ልጅ ማዘዣዋን ዘረጋችልኝ። የሻርፗን ጫፍ ጉንጯ ላይ ስባ በእጇ ይዛዋለች። መምህራን ኮሌጅ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበረች፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ሰቃ፣ ትምህርት ቤት ሄዳ የማስተማር ልምምድ ትጀምራለች። ይህን የነገረችኝ ሳልጠይቃት ነው። «ከዚያ በፊት ትንሽ እንኳ ይጠፋልኛል?» አለችኝ። «ሰሌዳ ፊት ስቆም ልጆቹ ፊቴን ነው የሚያዩት።»

ማዘዣው የብጉር ጄል ነበር፤ አውቀዋለሁ፣ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አንብቤዋለሁ። አወረድኩላት። አንድ ቫዝሊን ጨመርኩ። ከክምሬ ውስጥ ያቺን ቆንጆ ወረቀት አንስቼ ካርቶኑ ላይ ለጠፍኩ። ፊት ከታጠቡ በኋላ ይቀቡ። «ማታ ብቻ» የሚለውን ሁልጊዜ በአፌ ነበር የምጨምረው። ለሀያት ጨምሬላት ይሆን? እስከ ዛሬ አስባለሁ፤ አላስታውስም። ሰባት ዓመት ሙሉ ስለ እያንዳንዷ ጠብታ ስጨነቅ የኖርኩ ሰው፣ ይህቺን አንዲት ቃል ማለቴን አላስታውስም።

በአምስተኛው ቀን ተመልሳ መጣች። ጋሽ ተማም ውስጥ ከአንድ ሽማግሌ ጋር ተቀምጠው ውሎ ያስቆጥራሉ። እሷ በሩ ላይ ቆማ፣ በሻርፗ እንደተሸፈነች፣ «እየተላጠ ነው። ያቃጥለኛል። ደህና ነው?» አለችኝ።

«መድኃኒቱ እየሠራ ነው። መጀመሪያ ላይ ይደርቃል። አታቋርጪ» አልኳት።

ከካርቶኑ የሚወጣው ወረቀት እንደዚያ ይላል፤ ውሸት አልነበረም። ነገር ግን ቀና ብዬ አላየኋትም። ተፈጥሮዬ ዝምታ ነው፤ ሴት ልጅ ፊት ለፊት ማየት ያሳፍረኛል፤ የተሸፈነችን ልጅ ሻርፕሽን ዝቅ አድርጊ ማለት ደግሞ ድፍረት መሰለኝ። እጆቿን ብቻ አየሁ። አመስግናኝ ሄደች።

በአሥረኛው ቀን እናቷ እትዬ ሰዓዳ መጡ። ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«ይሄን የጻፈው ማነው?»

«እኔ ነኝ» አልኩ።

«ጽሑፍህ ያምራል» አሉኝ። «በጣም ያምራል። አሁን ና የልጄን ፊት እይ።»

ጋሽ ተማም ካርቶኑን አንስተው አነበቡ። መነጽራቸውን አውልቀው እንደገና አነበቡ። «እትዬ ሰዓዳ፣ ፈቃዱ በኔ ስም ነው። ጥፋቱም የኔ ነው» አሉ። ከዚያ በሩን ዘጉ። በሥራ ሰዓት ያንን በር ሲዘጉ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው። ሦስታችንም በእግር ወደ ቤታቸው ሄድን።

ሀያት ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ነበር። እናቷ ሻርፗን ቀስ አድርገው አወረዱት። ጉንጯና አገጯ ቀልቶ ያብረቀርቃል፤ የከንፈሯ ጥግ ተሰንጥቆ ደም ቋጥሯል፤ አፍንጫዋ ሥር ቆዳው እንደ ነጭ ሽንኩርት ልጣጭ ተነስቷል። ወደ መሬት አየሁ። ጋሽ ተማም ክርኔን ያዙና፣ «ኤርሚ፣ ዛሬ የምትጠይቀው አንተ ነህ» አሉኝ።

ፍራሹ አጠገብ ቁጢጥ አልኩ። «ውሎሽን... ከመኝታ እስከ መኝታ ንገሪኝ» አልኳት።

«ፈጅር ላይ እነሳለሁ። ውዱእ አደርጋለሁ። እቀባለሁ። እሰግዳለሁ።»

«ከዚያስ?»

«ኮሌጅ። ቀትር፣ ዙህር ላይ ውዱእ አደርጋለሁ፤ እቀባለሁ።»

«ዐስር ሰላት ላይስ?»

«እቀባለሁ።»

የምሽቱን መግሪብንም፣ የማታውን ዒሻንም አልጠየቅኳትም። እሷ ግን ጨረሰችው። «መግሪብ ላይም፣ ዒሻ ላይም። አንተ አይደለህ ከታጠቡ በኋላ ያልከው? እኔ ፊቴን የምታጠበው በቀን አምስቴ ነው።»

የመስጊዱ የውዱእ ቧንቧ፣ ሰው ከሰላት በፊት የሚታጠብበት፣ ከመደርደሪያችን ሠላሳ እርምጃ አይርቅም። ለዓመታት በየቀኑ አምስት ጊዜ አዛን ሰምቻለሁ። ሰዎች እጅጌያቸውን ሰብስበው ፊታቸውን ሲታጠቡ በመስኮቱ አይቻለሁ። ያን ወረቀት በጻፍኩበት ሰዓት እንኳ ውሃው ሲንጠባጠብ ይሰማኝ ነበር። እኔ ፊቴን ጠዋትና ማታ ነው የምታጠበው። ያንን ወረቀት የጻፍኩት ለራሴ ፊት ነበር።

«ቫዝሊኑስ?» አልኳት።

«እሱን ተቀብቼ ውዱእ ሳደርግ ውሃው ከላዩ ላይ ይንከባለላል። ውሃ ካልነካኝ ውዱእ አይሆንም ብዬ በሳሙና አሽቼ አጠብኩት። በየሰላቱ በሳሙና ከማሸት ብዬ ተውኩት።»

«ያ ረቢ!» አሉ እናቷ። «ሲደርቅ እየዳነ ነው ብለን እኮ ነው። ደስ ብሎን ነበር።»

«ለምን አልጠየቅሽም?» ብዬ ልናገር አፌን ስከፍት ቀደመችኝ። «ጠይቄህ ነበር» አለች። ቁጣ አልነበረበትም። ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ጋሽ ተማም ያኔ ነው የተናገሩት። መድኃኒቱ ዛሬውኑ ይቁም። ነገ ሐኪሟ ጋ ትሂድ፤ እሳቸውም ደብዳቤ ይጽፋሉ። ሳሙና አይንካት። «ውዱእ ላይ ፊትን ሦስቴ ማጠብ ሱና ነው፤ አንዴ ማዳረስ ግን ይበቃል። አታሺው። ከታጠብሽ በኋላ መታ መታ አድርገሽ፣ ትንሽ እርጥበት እንዳለው፣ ይሄን ስስ ሎሽን። ይሰርጋል፤ የሰረገ ነገር ውሃ አይከለክልም ሲሉ ነው የሰማሁት። ልብሽ እንዲያርፍ ግን ኡስታዝሽን ጠይቂ። ወፍራሙን ቫዝሊን ከዒሻ በኋላ፣ ልትተኚ ስትይ። እስከ ፈጅር ረጅም ነው፤ እዚያ ላይ ይሠራልሻል።» ከዚያ ወደ እናቷ ዞረው፣ «ቡና በእኩለ ቀን ፀሐይ ታሰጫለሽ?» አሉ።

«እሸፍናለሁ እንጂ።»

«ቆዳም እንደሱ ነው። መድረቁ አይደለም መዳኑ።»

በማግስቱ ሐኪሟ ያሉት ከዚህ አልራቀም። ቆዳው ሲጠግን በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማታ ማታ ብቻ፣ ከሎሽን በኋላ እንድትጀምር አዘዟት። ፊቷ ግን ለልምምዱ አልደረሰም። የምትሄድበትን ክፍል ለሌላ ተማሪ ሰጡት፤ እሷ አንድ ሙሉ መንፈቅ ጠበቀች። ጓደኞቿ ሲመረቁ እሷ አልተመረቀችም። በሰው ዕድሜ ውስጥ አንድ መንፈቅ ምንድን ነው ይባል ይሆናል። እኔ እንደዚያ ማለት አልችልም።

ጋሽ ተማም አልተቆጡኝም። ከሀያት ቤት በተመለስን ማግስት ጠዋት ስገባ፣ የወረቀት ክምሬ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ፣ አጠገቡ አንድ እስክሪብቶ ተደርጎ አገኘሁት። ሁሉንም ቀደድኩት። ካርቶኑን ግን እሳቸው የመሳቢያው ውስጠኛ ጎን ላይ ለጠፉት፤ ሽምብራዋን ባወጣሁ ቁጥር እንዳየው። ከዚያ ወዲያ አስቀድሜ የጻፍኩት ወረቀት የለም። ለአንዷ «ከዒሻ በኋላ፣ አንድ ጊዜ» እጽፋለሁ። ከዩኒቨርሲቲው ግቢ ከኪቶ ፉርዲሳ ለሚመጣው ተማሪ «ዶርም ገብተህ መጽሐፍህን ስትዘጋ።» ለሙባረክ «ባጃጇን ካቆምክ በኋላ።» ጊዜ ይወስዳል። ሰልፉ ይረዝማል። ሰዎቹ ያጉረመርማሉ፤ ወንበሩ ላይ ሲቀመጡ ግን ውሏቸውን ይቆጥራሉ።

ስለ ሀያት የምሰማው ከእናቷ ነበር። ሎሽን ሊገዙ ይመጣሉ፣ ሳልጠይቃቸው ይነግሩኛል። «ልጣጩ ቆመ፣ አልሐምዱሊላህ።» ከወር በኋላ፣ «መድኃኒቱን ጀመረች፤ ትንሽ ነው የደረቃት፤ በሎሽን እየቻለችው ነው።» ከዚያ፣ «ሰቃ ሄደች።» ካርቶኑን ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጡት እኒያው እናት አንድ ቀን እርጎ አመጡልኝ፤ መብላት አቃተኝ፣ ደብቄ ቤቴ ወሰድኩት። እሷ ራሷ ግን አልመጣችም። ሌላ መድኃኒት ቤት እንደምትሄድ አሰብኩ። ብትሄድ አልፈርድባትም።

መድኃኒት ቤቱ ሊዘጋ፣ መደርደሪያውን ባዶ በምናደርግበት የመጨረሻ ሳምንት ነበር። ጋሽ ተማም ወንበራቸው ላይ ሆነው፣ እኔ መሰላል ላይ። በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማ፣ «ዘጋችሁ እንዴ?» አለች።

«እየዘጋን ነው ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ ግቢ» አሉ ጋሽ ተማም።

ገባች። ወይን ጠጅ ሻርፕ ለብሳለች፤ ጫፉ ትከሻዋ ላይ ተለቋል፤ በእጇ አልያዘችውም። ከመሰላሉ ወረድኩ። እንደ ልማዴ ዓይኔ እጆቿ ላይ አረፈ፤ ጣቶቿ ጫፍ ላይ የጠመኔ ብናኝ ነበር።

«ያኔ ቀና ብለህ አላየኸኝም» አለችኝ። «አሁን እይ።»

ቀና አልኩ። ግራ ጉንጯ ላይ፣ አጥንቱ ሥር፣ ሁለት የቆዩ ጠቃጠቆዎች አሉ። አገጯ ላይ አንዲት ትኩስ ብጉር። የከንፈሯ ጥግ ድኗል፤ ቆዳዋ ለስላሳ ነው፣ አፍንጫዋ ግርጌ ብቻ በጣም ትንሽ ደረቅ ይላል። ጊዜ ወስጄ አየሁ። እሷም ጊዜ ሰጠችኝ።

«አየሁ» አልኳት።

«እንግዲህ ሎሽን ስጠኝ፤ አልቆብኛል።»

እጄ ወደ መደርደሪያው ሄዶ መንገድ ላይ ቆመ። ጋሽ ተማም ከወንበራቸው ያዩኛል። ወንበሩን ሳብኩላት።

«ውሎሽን ንገሪኝ» አልኳት፤ «ከመኝታ እስከ መኝታ።»

ሳቀች። ከንፈሯ አልደማም። ተቀመጠችና በጣቷ እየቆጠረች ጀመረች፤ «ፈጅር ላይ እነሳለሁ። ውዱእ አደርጋለሁ፤ አንዴ ብቻ አዳርሼ። ሎሽኔን እቀባለሁ። ጥላዬን ይዤ እወጣለሁ። ሁለት ሰዓት ሲሆን ክፍል እገባለሁ፣ ሰሌዳው ፊት እቆማለሁ...»